ጣራ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት

የቴሌቪዥኑ ምስል ሲደበዝዝና ድምፁ ሲንሿሿ በቤታችሁ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል ምንድን ነው? በእኛ ቤት «ጣራ ላይ ውጣ!» የሚል ነበር። ወንድሜ ይወጣል፤ አንቴናው የታሰረበትን የባሕር ዛፍ አጣና ይዞ ያዞራል፤ እኔ በመስኮት ብቅ ብዬ «መጣ! ሄደ! ትንሽ ወደ ግራ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ብዙዎቻችሁ በዚህ ሥራ ላይ ያደጋችሁ ይመስለኛል።

በ1992 ዓ.ም. ክረምት ግን ይህ ዘዴ አልሠራ አለ። ምስሉ በነጫጭ ነጠብጣብ ተሸፈነና ዜና አንባቢዋን ከመጋረጃው መለየት አቃተን። አባቴ ጥፋቱን በማሰራጫ ጣቢያው ላይ ጣለ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የጎረቤት ቴሌቪዥን ጥርት ብሎ ይታይ ስለ ነበር ይህ ምክንያት ብዙ አላስኬደውም። ቀጥሎ አንድ ጠጋኝ ተጠራ። ቴሌቪዥኑን ከፈተ፣ አንድ ዕቃ መለወጡን ነገረን፣ እናቴ ለደብተር መግዣ ካስቀመጠችው ገንዘብ ላይ ተከፍሎት ሄደ። ፀሐይ በወጣባቸው ሁለት ቀናት ምስሉ የተሻለው መሰለን። ዝናቡ ሲመለስ ነጠብጣቡም ተመለሰ።

መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ደራርቱ ቱሉ በሲድኒ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር የምትሮጥበት ዕለት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ በመካከሉ ልጅ ወልዳ ስለ ነበር በግቢያችን እናቶች ዘንድ ነገሩ የሩጫ ብቻ አልነበረም። «ወልዳም ትችላለች!» የሚሉትም፣ የሚጠራጠሩትም እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ቴሌቪዥኑ ግን ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም አያሳይም።

ወንድሜ መሰላሉን አቆመ። ሌሊቱን ሲያካፋበት ያደረ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፤ ከአጣናው ጥቂት ክንድ ርቆም የመብራት ሽቦ ያልፋል። ሦስተኛው መወጣጫ ላይ ሲደርስ እናቴ «ና ውረድ! ለአንድ ሩጫ ብዬ ልጄን አላጣም!» አለችው።

ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ነቀለችና የአንቴናውን ገመድ ከጀርባው ጀምራ በእጇ እየዳበሰች ተከተለችው። በበሩ በኩል ወጥታ ከጣራው ክፈፍ በታች፣ ሁለት ገመዶች ተቀጥለው በፌስታል የታሰሩበት ቦታ ላይ ቆመች። ፌስታሉን ስትፈታው ውሃ ፈሰሰ። መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። በወጥ ቤት ቢላዋ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ቆረጠችው፤ የመሃሉን ሽቦ ከመሃሉ፣ የውጪውን ጥልፍልፍ ከውጪው አገናኝታ፣ ሁለቱ እንዳይነካኩ ለየብቻ በናስትሮ ጠቀለለች። ደራርቱ አንደኛ፣ ጌጤ ዋሚ ሁለተኛ ሆነው ሲገቡ ፊታቸውን ለይተን አየን። ለጠጋኙ የተከፈለው የደብተር ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

እህቶቼ፣ ነጠብጣብ ማለት ቴሌቪዥኑ ዘንድ የሚደርሰው ሞገድ ደክሟል ማለት ነው። ምስሉ ጥላ አውጥቶ ድርብ ሆኖ ከታየ ግን ሞገዱ ከሕንፃ ወይም ከኮረብታ ተንጸባርቆ ይመጣል፤ አንቴና ማዞር የሚጠቅመው በተለይ ያን ጊዜ ነው። አጫጭሮቹ ዘንጎች ወደ ማሰራጫው መዞር አለባቸው፤ ገልብጠው የተከሉትን አይቻለሁ። ከአንድ አንቴና ገመድ ከፍሎ ለተከራይ መስጠትም ለእያንዳንዱ የሚደርሰውን በግማሽ ይቀንሰዋል። ደግነቱን አልነቅፍም፤ ምስሉ ሲደክም ግን ይህም ይታሰብ።

ዛሬ ብዙዎቻችን ሳህን ተክለናል። የዲጂታል ምስል እንደ ዱሮው ቀስ እያለ አይደበዝዝም፤ በካሬ በካሬ ይቆራረጥና ድርግም ይላል። የገመዱ በሽታ ግን ያው ነው። የሳህኑ ገመድ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሪሲቨሩን ከሶኬት ሳትነቅሉ መጋጠሚያውን አትክፈቱ። ጣራ መውጣት የግድ ከሆነ በደረቅ ቀን፣ ነጎድጓድ በሌለበት ይሁን። ምሰሶው ቢያዘነብል የመብራት ሽቦ የሚነካ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት፤ ልጆችንም አትላኩ።

እናቴ የገመዱን ቅጥል ያሰረችው ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ ዝቅ አድርጋ ቀለበት አበጅታለት ነው። ይህን ማን እንዳስተማራት ጠይቄያት «ውሃ ወዴት እንደሚወርድ ማን ያስተምራል?» ብላኛለች። በሳምንቱ ከታች ቤት ያሉት እትዬ «እስቲ የእኛንም እይልኝ» ብለው ላኩባት፤ እሷም የተረፈውን ናስትሮ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።