ያላለቀ ቤትና የተኛ ውኃ

ጓደኞቼ ሆይ፤ በማኅበራችን ስብሰባ ስለ ሀገር ዕድገት ሲነሣ ግድቡም ፋብሪካውም ይወራል፤ ጭብጨባውም ይቀልጣል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ቤት መሠረት ጉድጓድ ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ የታየው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

የተወለድሁት በራያ ቆላ፣ ከቆቦ ወዲህና ወዲያ በአስፋልቱ ዳር ከተቀመጡት ትንንሽ ከተሞች በአንዲቱ ነው። ስሟን አልጠራም፤ የምናገረው የብዙዎቹ ነውና የአንዲቱ ብቻ እንዲመስል አልፈልግም። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ደጋው፣ በመካከል የማሽላና የጤፍ ሜዳ አለ። ሀገሩ ዝቅ ያለ፣ ከፍታውም 1,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙቀቱም ወባውም አይለየውም። ማሽላ በሚዘራበት በዚህ ሜዳ ላይ ባለፉት ዓመታት ፎቅ በቅሏል፤ ነገር ግን ብዙው አላፈራም። ፌሮው ወደ ሰማይ እንደ ተቀሰረ፣ መስኮቱ አፉን እንደ ከፈተ ቆሞ ቀርቷል። አንዳንዱም ከመሠረቱ አላለፈም፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ በዛገ ቆርቆሮ ታጥሮ፣ ሰኔ ሲገባ ኩሬ ይሆናል።

የሰፈራችን ሰዎች ይህን ዝም ብለው አላዩም። ቅሬው፣ ማለትም ሌላው ሀገር ዕድር የሚለው የወሎ ማኅበር፣ ሽማግሌዎችን መርጦ ለከተማው አስተዳደር አቤቱታ አቀረበ። ጽሑፉ ያማረ ነበር። «የከተማችን መልክ ተበላሸ፤ እንግዳ ሲያልፍ አፈርን» ይላል። ሹሙም በትሕትና ተቀብሎ፣ የከተማ ውበት በጀት ሲገኝ የሚታይ ጉዳይ መሆኑን፣ ከባለቤቶቹም ብዙዎቹ ውጭ ሀገር መሆናቸውን ነግሮ ሸኛቸው። ክረምቱ መጣ፤ ኩሬውም ሞላ።

በመስከረም ቅሬው እንደ ገና ተሰበሰበ። እኔም ለዕረፍት ሄጄ ስለ ነበር ከኋላ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሁሉም ስለ አስቀያሚው ፎቅ ሲናገር አንዲት ቡና የሚሸጡ እናት ተነሡና፣ «አባቶቼ፣ ቤቱ ቢያስጠላኝ ፊቴን አዞራለሁ፤ ትንኙን ወዴት ላዙረው? ሁለት ልጆቼ ተኝተዋል» አሉ። ሸንጎው ጸጥ አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የነገሩ መልክ ተለወጠ።

እናትየዋ የተናገሩት ሳይንሱም የሚለው ነው። የወባ ትንኝ እንቁላሏን በተኛ ውኃ ላይ ትጥላለች፤ በሞቃት ሀገር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ አዲስ ትንኝ ይበርራል። ሜዳችንም ከዚህ በሽታ ጋር የቆየ ሂሳብ አለው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በኢትዮጵያ የወባ መከላከል ሥራ በሙከራ ከተጀመረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ ለወራት የቆየው ወረርሽኝ በሀገሪቱ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል፤ በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ዛሬ ደግሞ ከተማን የሚወድ አዲስ የትንኝ ዘር መጥቷል፤ ስሙ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ይባላል። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሐር ነው፤ ከዚያም በኋላ በእኛው ክልል በባቲ ታይቷል። በበርሜል፣ በታንከርና ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ይራባል። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ወረርሽኝ ሲያስነሣ ከታመሙት መካከል በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት የሚኖሩ ተማሪዎች እንደ ነበሩ ልብ በሉ። እንግዲህ ነገሩ የቆላ ገበሬ ጣጣ ብቻ ነው የሚል ማን ነው?

ቅሬው ሦስት ሰው መድቦ ያላለቁትን ቤቶች አንድ በአንድ አስቆጠረ። እኔም ደብተር ይዤ ተከተልሁ። ስንዞር የተማርሁት ነገር ቢኖር ያላለቀ ቤት ሁሉ አንድ አለመሆኑን ነው። አንዳንዱ ቦታ የያዘው ገንዘብ ባለው ሰው ነው፤ አጥሮ የሚጠብቀው ዋጋ እስኪወጣ ነው። አንዳንዱ ግን ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሄደ ልጅ በየዓመቱ በሚልከው ገንዘብ ጥቂት ጥቂት እያለ የሚነሣ ነው። አንድ አባት በልጃቸው ቤት በር ቆመው፣ «ይህ ቤት ያላለቀው የልጄ ስደት ስላላለቀ ነው። አፍርሱ ካላችሁ እኔን ቅደሙ» አሉን። ሌላው ደግሞ ጦርነት ያስቆመው ነው። ቆቦና አካባቢው በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ደግሞም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የጦር ሜዳ ሆኗል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሞ ሰው ሲሚንቶ መግዛት ጀምሮ ሳለ በዚያው ዓመት መጨረሻ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሣ። መንግሥትም ራሱ ያላለቀ ሥራ አለው፤ በ2007 ዓ.ም. በተጀመረው የሐራ ገበያ መቀሌ ሐዲድ መሥመር እስከ ዛሬ ባቡር አልተመላለሰበትም። ታዲያ ሁሉንም በአንድ ጅራፍ መግረፍ ፍርድ ነውን?

ሕግ ግን የለም እንዳይባል አለ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬቱ የማንም የግል ርስት አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ በሊዝ ለተያዘ ቦታ የግንባታ ማጠናቀቂያ ጊዜ ቈርጧል፤ ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36 ወር፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር። በልዩ ምክንያት የሚጨመር ጊዜ አለ፤ ለዘለዓለም አጥሮ መቀመጥ ግን የለም። ይህን ለሽማግሌዎቹ ባነበብሁላቸው ጊዜ አንዱ፣ «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ቀጠሮ መኖሩን ማን ነገረን?» አሉ። ብዙ ጊዜ ሕዝብ የሚሸነፈው ሕግ አጥቶ አይደለም፤ ሕጉ በመሳቢያ ስለሚተኛ ነው።

ሁለተኛው አቤቱታ እንደ መጀመሪያው ያማረ አልነበረም። ስለ መልክም አልተናገረም። የጠየቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ከሰኔ በፊት ጉድጓዶቹ እንዲደፈኑ ወይም እንዲከደኑ፤ የእግረኛን መንገድ የዘጋው አጥር እንዲመለስ፤ የየቤቱ ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን በአስተዳደሩ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ። የጉድጓዶቹም ብዛት ከነቦታቸው ተጽፎ ተያይዟል። አቅም የሌላቸውን ሰዎች ጉድጓድ ቅሬው ራሱ በጅጌ እንደሚደፍን አስታወቀ፤ ደፈነም። በአንድ ቅዳሜ ወጣቱ አካፋ ይዞ፣ እናቶች ንፍሮና ቡና ይዘው ወጡ። የስደተኛው አባት ቤት አልፈረሰም፤ በበሩ ያለው ኩሬ ግን ደረቀ።

አስተዳደሩም ይህን ሲያይ ከባለሀብቶቹ አንዳንዶቹን ጠርቶ ጉድጓድ አስደፈነ፤ የእግረኛውንም መንገድ በከፊል አስከፈተ። የፈቃዱ ዝርዝር ግን እስካሁን አልተለጠፈም። ለምን? ቢለጠፍ ጊዜው ያለፈበት የእነማን ቦታ እንደ ሆነ ሁሉም ያነብባልና ይመስለኛል። ትግሉም የቀረው እዚህ ላይ ነው። ጉድጓድን በአካፋ መድፈን ይቻላል፤ የተሰወረ መዝገብ ግን ያለ ጠያቂ አይከፈትም።

«ተማሪ ከዚህ ምን ይገባዋል?» የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛት የወረዱ ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ በገጠር ከተማ እያስተማሩ ኖረዋል። እኛ አንድ የክረምት ዕረፍት አለን። የሕግ ተማሪ አዋጁን ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ያንብብ፤ የጤና ተማሪ የተኛውን ውኃ ያሳያቸው፤ የምሕንድስና ተማሪ ጉድጓዱን ለክቶ ስንት ጋሪ አፈር እንደሚበቃው ይንገራቸው። አቤቱታውን ግን እነርሱ ይፈርሙት፤ ከተማው የእነርሱ ነውና። በሚመጣው ሰኔ እኔ ደብተሬን ይዤ እወርዳለሁ፤ የምጠይቀውም ያንኑ ያልተለጠፈውን ዝርዝር ነው። በየሀገራችሁ እንዲሁ የምትጠይቁ ካላችሁ ያገኛችሁትን መልስ ለዚህ መጽሔት ላኩልን፤ እናነጻጽረዋለን።