ኃይሌ ፓርላማ ቢገባ ኖሮ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን መታ አድርገው «ዕድሉን ለተከበሩ ኃይሌ ገብረሥላሴ ሰጥቻለሁ» ሲሉ ይታያችኋል? ለእኔ አልታይ ይለኛል። ኃይሌን ሁላችንም «አንተ» ብለን ነው ያሳደግነው፤ «እርስዎ» ለማለት አፋችን እሺ አይልም።

ቀልድ አይምሰላችሁ። የአሰላው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2013 በትዊተር ገጹ በቀጣዩ ምርጫ ፓርላማ የመግባት ሐሳብ እንዳለው ጽፎ አገሩን ሁሉ አነጋግሮ ነበር። ያውም በግል! የዚያን ጊዜውን ምክር ቤት ታስታውሱታላችሁ። ከ547ቱ መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን ጠቅልለው ወስደዋል። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ የመድረኩ የአቶ ግርማ ሰይፉ ነበር፤ ሌላው የግል ተወዳዳሪው የዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ። ዶክተሩ ደግሞ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው። እንግዲህ ያቺ አንዲት የግል ወንበርም በስፖርት ሰው ተይዛ ነበር ማለት ነው።

ኃይሌ ብዙም ሳይቆይ ነገሩን ተወው። ግንቦት 2007 ምርጫው ሲካሄድ 547ቱም መቀመጫ ለገዥው ግንባርና ለአጋሮቹ ሆነ። አስቡት እንግዲህ፤ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንዶች የቀደመ ሰው «በድምፅ ተሸንፏል» ተብሎ ውጤቱ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ! በእኔ እምነት በጊዜ መውጣቱ ብልህነት ነው። ፈራ ያላችሁ እንደሆነም አልከራከራችሁም።

ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን እዚህ ላይ ቀድመውናል። ዌስሊ ኮሪርን ውሰዱ። በአሜሪካው የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ እየሮጠ ተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የቦስተን ማራቶንን አሸነፈ፣ በዓመቱ በግል ተወዳድሮ የቼራንጋኒ ሕዝብ እንደራሴ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ሕዝቡ አሰናበተው። እንግሊዛዊው ሯጭ ሴባስቲያን ኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1997 ፓርላማ ተቀምጦ እንዲሁ በምርጫ ወድቋል። ሁለቱም ሽንፈቱን ተቀብለው በሰላም ወጡ። እኔን የሚያስቀናኝ መግባታቸው ሳይሆን ይሄ አወጣጣቸው ነው።

እንደ ኃይሌ ያለው የአርሲ ሯጭ መንገድ ግን ሌላ ነው። በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ከልጅነታቸው ያሠለጠናቸው የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አይደለም፤ ሰንታየሁ እሸቱ የሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው። ከበቆጂ የገብስ ማሳ ዳር የተነሳ ልጅ ቀጥሎ የሚያልመው ኮሌጅ ሳይሆን ክለብ ነበር፦ መከላከያ፣ ኦሜድላ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ባንክ፣ ሙገር ሲሚንቶ። ክለቡ ደመወዝ ይቆርጥለታል፣ ሜዳሊያ ሲያመጣም ማዕረግ ይጨመርለታል። ኃይሌን ሻለቃ፣ ደራርቱን ኮሎኔል የምንለው ከዚሁ የተነሳ ነው። ማዕረግ ደግሞ ሰላምታ ያሰጣል እንጂ መድረክ ላይ ወጥቶ «ምረጡኝ» አያሰኝም። የመንግሥት ደመወዝ እየበላ ያደገ ሯጭ መንግሥትን በምርጫ ለመግጠም ቢያመነታ ምኑ ይገርማል?

ታዲያ ኃይሌ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም? ገብቷል እንጂ! በጓሮ በር ነው የገባው፤ እሱም ሽምግልና ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች በ1999 ክረምት ሲፈቱ፣ ከእነ ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ ጋር ላይ ታች ሲሉ ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ እሱ ነበር። ሰኔ 2012 ፌዴራል መንግሥቱንና ሕወሓትን እናስማማ ብለው መቀሌ ከወረዱት መካከልም ነበረበት። ያኛው እንደማይሆን ሆኖ ቀረ። በዚያው ሰኔ ማብቂያ ድምፃዊው ሐጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ ሁከት ሲነሳ ሻሸመኔና ዝዋይ ያሉት የኃይሌ ሆቴሎች ጉዳት ደረሰባቸው። ኅዳር 2014 ደግሞ በትግራዩ ጦርነት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግንባር ሲሄዱ፣ እኔም ለመዝመት ዝግጁ ነኝ አለ። ስሜቱ ይገባኛል፤ አገር ተነካ ሲባል ዝም የሚል ደም የለውም። ግን ትናንት ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ «ይቅር ተባባሉ» ያለ ሽማግሌ፣ ዛሬ ከአንደኛው ወገን ከተሰለፈ ነገ ማን ምንጣፍ ያነጥፍለታል? ይቺን ነገር ወዳጆቹ አልነገሩትም መሰለኝ።

የምርጫ ወንበርም ቢሆን ቀምሷታል፤ የፓርላማ ባትሆንም። በ2009 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በሁለት ዓመቱ ግን የገዛ ሙያ ልጆቹ፣ አትሌቶቹ፣ ተቃውሞ አነሱበት፤ ኅዳር 2011 ላይ «በቃኝ» ብሎ ለቀቀ። ከስብሰባው ይልቅ አሥር ሺው ሳይቀለው አልቀረም።

ከእሱ ቀጥላ ወንበሩን የያዘችው የበቆጂዋ ደራርቱ ነበረች። ስለ እሷ ትንሽ ልቆይ። በ2014 ክረምት በኦሪገኑ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ኢትዮጵያ አራት ወርቅ ስታገኝ ሦስቱን ያመጡት የትግራይ ልጆች ነበሩ፦ ለተሰንበት፣ ጎይተቶምና ጉዳፍ። ጦርነቱ ገና አላበቃም ነበር፣ ትግራይ ውስጥ ስልክም ዝግ ነበር። ቡድኑ ተመልሶ አቀባበል ሲደረግለት፣ ደራርቱ በባለሥልጣናቱ ፊት ተነስታ እነዚህ ልጆች ደስታቸውን ለቤተሰቦቻቸው እንኳ ማካፈል እንዳልቻሉ ተናገረች። በዚያን ሰሞን ይህን በአደባባይ መናገር ቀላል አልነበረም። የፓርላማ አባላቱም ቢሆኑ ሲደፍሩት አልሰማንም። አርሲ ውስጥ በተጣሉ ወንዶች መካከል የሲንቄ በትሯን ይዛ የምትቆም ሴት ትከበራለች፤ ጠቡም ይቆማል። ደራርቱ በትር አልያዘችም እንጂ የቆመችው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ያኔ ኃላፊነቷ የሩጫ ብቻ ነበር፤ ስለ ስልክ ተናገሪ ብሎ የላካት መራጭም አልነበረም።

እንግዲህ ቡናው ደርሷል፤ ፍርዴን ልስጥና እንጠጣ። ኃይሌ ቢወዳደር ድምፄን አልሰጠውም፤ ለሽምግልናው ስለምፈልገው ነው። ዘመቻውን ትቶ ወደ ምንጣፉ ቢመለስ ደግሞ ጫማዬን አውልቄ እቀመጥለታለሁ። ደራርቱ ከተወዳደረች ግን ገና ጎህ ሳይቀድ ሰልፍ እይዛለሁ። እናንተስ ማንን ትመርጣላችሁ?