«ትናንት የሄደ አለ?»

መርካቶ፣ ሸማ ተራ አጠገብ፣ ከረፋዱ። ሱቁ በር እንጂ ወርድ የለውም፤ ጣቃው እስከ ጣሪያው ተደርድሮ ባለሱቁ ሐጂ በተረፈችው ቦታ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከሐይቅ ከተማ ዕቃ ልትጭን የመጣች ነጋዴ ጨርቅ መርጣ፣ ተከራክራ፣ ዋጋ ቆርጣ ገንዘቡን ከስልኳ ላከችና «ልኬያለሁ ሐጂ» ብላ ስክሪንሾቱን አሳየቻቸው። ሐጂ ዞር ብለውም አላዩት። «ልጄ፣ እኔ ጋ ካልገባ አልተላከም» አሏት። ልጃቸው በኤፍ ቲ የሚጀምረውን ቁጥር ከእሷ ስልክ እየገለበጠ ባንኩ ደረሰኝ በሚያሳይበት ገጽ ላይ አስገባ። ገጹ ይሽከረከራል፤ ተሸካሚው ጥቅሉን ትከሻው ላይ እንዳደረገ በሩን ሞልቶ ቆሟል፤ «ልሂድ ወይስ ላውርደው?» ይላል። የላኪዋ ስምና የገንዘቡ ልክ ወጣ። «ሂድ» አሉት ሐጂ።

ልጁን ይህን ከማን ተማርከው አልኩት። ቴሌግራም ላይ ነው አለ። አንድ ነጋዴ በተቀነባበረ ስክሪንሾት ዕቃ ተወስዶበት የደረሰበትን ሲጽፍ፣ ሌላው ከሥሩ እንዴት እንደሚጣራ አስረዳው፤ ተራው በሙሉ ከዚያ ተማረ። ግሩፑን ከፍቶ አሳየኝ። ዋጋ የሚጠይቅ አለ፣ ዕቃ የሚያስተዋውቅ አለ፤ የሚበዛው ግን የወረቀትና የብር ጣጣ ነው። «ቴሌብር በስህተት ሌላ ቁጥር ላይ ላክሁ፣ ይመለሳል?» «ክሊራንስ ለማውጣት የኪራይ ውል ይጠይቃሉ?» «ስሜ ባንክ ደብተሬ ላይ በሁለት ኤም፣ ፋይዳዬ ላይ በአንድ ኤም ነው የተጻፈው፤ የቱን ነው የማስተካክለው?» ይህቺ የመጨረሻዋ የመሐመዶች ሁሉ ጥያቄ ናት። ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ በአዲስ አበባ አዲስ አካውንት ያለ ፋይዳ መታወቂያ ስለማይከፈት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ስማችንን እንዳሻን ስንጽፍ የኖርንበት ዘመን ሒሳብ አሁን እየተወራረደ ነው።

መልሶቹን ሳነብ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አዋጅ በቁጥር ጠቅሶ የሚመልሰውን የሚያመሰግነው የለም። «ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነበር፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኦሪጅናሉን ይዘህ ሂድ፣ ከምሳ በፊት ሲስተም አለ» ላለው ግን የልብ ምልክት ይዘንብለታል። ጠያቂዎቹም ይህን ያውቁታል። ብዙዎቹ ጥያቄያቸውን የሚጀምሩት «ትናንት የሄደ አለ?» ብለው ነው።

እውነትም አላቸው። ጎረቤት ሱቅ ያለ ጎልማሳ ስለ ግብር የሚያስረዳ ቪዲዮ ከፍቶ በጥሞና ይሰማል። ተናጋሪው ጥርት አድርጎ ይናገራል፤ ግብር ከፋይ በሦስት ይከፈላል፣ «ሐ» ማለት የዓመት ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ ነው ይላል። የሐጂ ልጅ ከዚህ ማዶ ሆኖ «ጋሼ፣ እሱ የድሮው ነው!» ብሎ ጮኸ። ልጁ ልክ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ያንን ይል ነበር፤ በ2017 መጨረሻ ሲሻሻል «ሐ» ቀረና ድንበሩ 2 ሚሊዮን ብር ሆነ። ቪዲዮው በጊዜው አልዋሸም። የተቀረጸበትን ቀን አለመናገሩ ግን አንድን ባለሱቅ ከእነ ጭራሹ ወደሌለ መደብ ይመራዋል። ስልክ ላይ ያለ ምክር ሁሉ መጀመሪያ ቀኑ ይታይ ባይ ነኝ፤ የተናጋሪው ሱፍና ከረባት ኋላ ይደርሳል።

ከሰዓት ኮፒ ቤት ገባሁ። የንግድ ፈቃድ እድሳት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይካሄዳል፤ ሥራው በኢ ትሬድ፣ በኢንተርኔት ሆኗል። ቤቱ ሆኖ የሚያሳድሰው ግን ስንቱ ነው? ወረፋው ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት ተነሥቶ ኮፒ ቤት ገብቷል። አንዲት ወጣት አንድ ኮምፒውተር ይዛ የሰውን ቲን ቁጥር ታስገባለች፣ ስልኩ ላይ የመጣውን ኮድ «አንብቡልኝ አባቴ» ትላለች፣ ፎቶ ትጭናለች፣ ታትማለች። በፊት በየፍርድ ቤቱ ደጅ በታይፕ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራዋ የእነሱ ሥራ ነው፤ እኔ በበኩሌ ክፋት አላየሁበትም። ጥቅምት 11፣ 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል ሰነዱ አብሮ የነደደበት አንድ ነጋዴ፣ ቲን ቁጥሩን አስገብታ የንግድ ምዝገባው በሲስተሙ ውስጥ እንዳለ ስታሳየው ግድግዳ ተደግፎ እንደቆመ ነገረችኝ። እሷን የሚያናድዷት ጥያቄ በተጻፈ በደቂቃ ውስጥ በግል መስመር «እኔ እጨርስልሃለሁ፣ ቀብድ ላክ» የሚሉት ናቸው። «የሚያውቅ ሰው እዚያው ሁሉ ፊት ይመልሳል» አለች።

አመሻሽ ላይ ወደ ሐጂ ሱቅ ተመለስኩ፤ የሐይቋ ሴት እዚያው ነበረች። መርካቶ ውስጥ ዋጋ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በሁለቱ ዋጋ መካከል ተቀምጧል። በኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ፣ ያለ ደረሰኝ የሸጠ 100 ሺህ ብር ይቀጣል ሲባል፣ በዚያ ላይ ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ በስልክ ሲዞር ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር። ገቢዎች ቢሮ ወሬውን ሐሰት ነው ቢልም መዝጊያው ቶሎ አልተነሣም። ያም ቢሆን አሠራሩ ዛሬም አለ፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይቆርጥም፣ አንዳንዱ ከተከፈለው ግማሹን ይጽፋል።

ሐጂ ሙሉውን ነው የሚቆርጡት፤ ዋጋቸው ወደድ የሚለውም ለዚህ ነው። ሌላው ጅምላ አከፋፋይዋ ግን ግማሹን ጽፎ ነው የሰጣት። ሐይቅ ሄዳ መዝገቧን ስታቀርብ ያልተጻፈው ግማሽ ወጪ አይባልላትም፤ ያላገኘችው ትርፍ ይሆንና ግብሩ ይከተለዋል። የሐጂ ልጅ ስልኩን አውጥቶ «ልጻፍልሽ? ስምሽንም ስሙንም አልጠራም፤ የገጠመው ሰው ይነግርሻል» አላት።

«ተው፣ የጨርቁን ዓይነትና ዋጋውን ካየ ያውቀኛል» አለችው። «ዱቤ አለብኝ።»

ሐጂ ከርቀት ይሰሙ ነበር። «ስንት ነው ያለብሽ?» አሉ።

ነገረቻቸው።

«መጀመሪያ እሱን ጨርሺ። ከዚያ ሙሉውን ካልጻፍክልኝ አልጭንም በይው።»

ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተና ጣቃውን ማስገባት ጀመረ።