አራት ሰዓት ተኩል

በመተማ ቆላ፣ በኮኪት ዙሪያ፣ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ እንቅልፍ ብርቅ ነው። ቀን ካለፈበት ፍሬው ተፈልቅቆ ይረግፋል፤ ስለዚህ ሳሉጉ፣ የወቅቱ የጉልበት ሠራተኛ፣ ሳይነጋ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። አጎቴም በዚያ ጥቅምት እዚያው እርሻው ላይ ያድር ነበር። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሻይ ሲቀርብለት ብርጭቆው ከቀኝ እጁ አምልጦ ወደቀ። አፉ ተጣሟል፤ ንግግሩም አይያዝም።

«ምች ነው» ተባለ። አንዱ ዳማከሴ ፍለጋ ሮጠ፤ ሌላው «አስፕሪን ስጡት» አለ። በትራክተር ኮኪት ስናደርሰው ያየችው ነርስ ግን አስፕሪኑን ከለከለች። «አንጎሉ ውስጥ ደም ረግቶም፣ ፈስሶም ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ አይለይም» ብላ ሪፈር ጻፈች።

በአምቡላንስ ገንዳ ውሃን፣ ነጋዴ ባሕርን፣ አይከልን አልፈን ጎንደር ስንገባ ረፋዱ 5 ሰዓት ሆነ። ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የጠየቀን «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው?» ብሎ ነው። «12 ሰዓት» አልነው። «እሱ እናንተ ያወቃችሁበት ሰዓት ነው» አለ። አብሮት ያደረው ሳሉግ አጎቴ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውሃ ሊጠጣ ተነስቶ እንዳዋራው ነገረን። ሰዓቱ መቆጠር ያለበት ከዚያ ነበር፤ ስምንት ሰዓት አልፏል።

ሕመሙ ስትሮክ ነበር፤ ሲቲ ስካኑ ደም እንዳልፈሰሰ አሳየ። ቢሆንም የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ አልቴፕሌዝ፣ ጊዜው አልፎበት ነበር። መድኃኒቱ በደም ሥር ሲሰጥ በደማችን ያለውን ፕላዝሚኖጅን ወደ ፕላዝሚን ይለውጠዋል፤ ፕላዝሚን ደግሞ የረጋውን ደም አስሮ የያዘውን የፋይብሪን መረብ ይቆራርጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የአሜሪካ ጥናት በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ እንደሚጠቅም አሳየ፤ በ2008 የአውሮፓ ጥናት ጊዜውን ወደ አራት ሰዓት ተኩል አራዘመው። በመጀመሪያው ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱ 100 ሰዎች በስድስቱ ያህል አንጎል ውስጥ ደም ፈስሷል። ሰዓቱ በገፋ መጠን የሚድነው የአንጎል ክፍል ያንሳል፤ አደጋው ግን አይቀርም።

ለአጎቴ ነርሷ የከለከለችው አስፕሪን ያኔ ተጀመረለት። አስፕሪን የረጋውን አያሟሟም፤ ሌላ እንዳይረጋ ይከላከላል እንጂ። ዛሬ በከዘራ ይሄዳል፤ ሂሳቡን በግራ እጁ ይጽፋል።

የልብ ደም ሥር ሲደፈን ነገሩ ይለያል። መድኃኒቱ ሕመሙ ከጀመረ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ ለመወሰንም በቀላሉ የሚንቀሳቀሰው የልብ መመርመሪያ፣ ኢሲጂ፣ ይበቃል። ለአንጎል ግን አልቴፕሌዝ በየቆላው ፋርማሲ ቢደረደር እንኳ፣ ደም አለመፍሰሱን የሚያሳይ ሲቲ ስካን ከሌለ ደፍሮ የሚሰጠው ሐኪም አይገኝም። ከመተማ ዮሐንስ ጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ስለ ስትሮክ በተነሳ ቁጥር እኔ የምጠይቀው መጀመሪያ ማሽኑና የሚያነበው ባለሙያ ወደ ቆላው እንዲወርዱ ነው፤ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ይድረስ።