60 ሰከንድ

ለማሽን ማውራት የሚወድ ሰው አገራችን ውስጥ እስካሁን አላጋጠመኝም። ደውለን ማሽን ካነሳው እንዘጋለን። ሚስኮል አድርገን መልሶ እስኪደወልልን እንጠብቃለን እንጂ ማን ከማሽን ጋር ያወራል? እኔ ግን በ2006 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ደሞዝ የተከፈለኝ ለዚሁ ነበር። የደዋዩን ድምፅ ቀድቶ በኢሜይል የሚልክ ነገር ዘርጋ ተባልኩ።

ድርጅቱ ቡና አቅራቢ ነው፤ ስሙ ይቅር። ቢሮው ጅማ፣ ባለቤቶቹ አዲስ አበባ፣ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎቹ ደግሞ በአጋሮ፣ በጌራና በሊሙ በኩል ተበትነው ያሉ። የቡናን ነገር የማታውቁ ካላችሁ፣ ቀይ ፍሬ እንደ እህል አይደለም፤ አያድርም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ክምሩ ውስጥ ይሞቅና መቡካት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የታጠበ ቡና ብሎ መሸጥ የለም። ገበሬው ደግሞ ቀን ሲለቅም ውሎ የሚያስረክበው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ማሽኑ የሚሠራው ማታ ነው። የሚበላሸውም ማታ ነው። ማታ ቢሮ ውስጥ ሰው የለም። ስለዚህ ጣቢያ ያለ ሰው ደውሎ መልእክት ቢተው፣ ድምፁ ሥራ አስኪያጁም ባለቤቶቹም ኢሜይል ውስጥ ቢገባ ተባለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም።

የሜይል ሰርቨሩ ኤክስቼንጅ 2010 ነበር። ዩኒፋይድ ሜሴጂንግ የሚባል ነገር በውስጡ አለው፤ የስልክ መልእክት ልክ እንደ ደብዳቤ እዚያው ኢሜይል ሳጥን ውስጥ ይገባል። የስልክ ማዞሪያችን ደግሞ አስተሪስክ ነበር። እነዚህን ሁለቱን ማስታረቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ኤክስቼንጁ ጥሪውን በቲሲፒ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የኔ አስተሪስክ የለመደው ዩዲፒ ነው። እሱን ሳስተካክል ሌላ መጣ። ፖርት 5060 ላይ ይቀበልህና «ወደ 5065 ሂድ፣ ወደ 5067 ሂድ» ብሎ ያዞርሃል። ልክ እንደ ቀበሌ። የኔው እዚያ መሀል ጠፍቶ ይቀራል። በመጨረሻ አስተሪስኩን በቀጥታ ሁለቱ ፖርቶች ላይ ስልከው ገባ። የመጀመሪያዋ የድምፅ መልእክት ኢሜይሌ ውስጥ ስትገባ ከወንበሬ ተነስቼ ጨፈርኩ፤ የቢሮው ዘበኛ ምስክሬ ነው።

ደስታዬ ሦስት ቀን አልቆየም። ማሽኑ የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው። የቋንቋ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ብፈልግ አማርኛም የለ፣ አፋን ኦሮሞም የለ። ጣቢያ ያሉት ሰዎች ደውለው ፈረንጅ ሲያናግራቸው የተሳሳተ ቁጥር መስሏቸው ይዘጋሉ። ይፈረድባቸዋል እንዴ? (ማይክሮሶፍትም ቆይቶ ይህንን ነገር ከኤክስቼንጅ 2019 ላይ አውጥቶ ጥሎታል፤ አልናፈቀኝም።)

ተውኩት። አስተሪስኩ ራሱ ይቅዳ፣ ድምፁን ኢሜይል ላይ አያይዞ ይላክ፣ ኤክስቼንጁ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ ይቀበል አልኩ። «እባክዎ መልእክትዎን ይተዉ» የሚለውን የቢሯችን ገንዘብ ያዥ መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ ከዚያ በአማርኛ ቀዳችልኝ። ሰዎቹ የሚያውቁትን ድምፅ ሲሰሙ ማውራት ጀመሩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ተራ ዋቭ ፋይል ለአንድ ደቂቃ ንግግር ወደ 1 ሜጋባይት ይጠጋል። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔታችን ይህን ለመላክ ያቃስት ነበር። ስለዚህ የመልእክቱ ጣሪያ የሚጻፍበት መስመር ላይ 60 ብዬ ጻፍኩ። 60 ሰከንድ። ለአንድ ሰው ችግሩን ለመናገር አንድ ደቂቃ ምን አነሰው? ከአንድ ወር በኋላ ድምፁን ጨምቆ የሚቀዳ ዋቭ49 የሚባል አማራጭ አገኘሁና ቀየርኩት፤ የአንድ ደቂቃው መልእክት ወደ 100 ኪሎባይት ወረደ። ያኔ ጣሪያውን ማንሳት ነበረብኝ። ረሳሁት።

በአጋሮ በኩል ካሉት ጣቢያዎች የአንዱ ኃላፊ ሁላችንም አባ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ኅዳር ውስጥ አንድ ማታ የጄኔሬተሩ ናፍጣ አለቀ። የማሽኑ ጉሮሮ እስከ አፉ ቀይ ፍሬ ሞልቶ፣ በማዳበሪያም ገና ያልተገለበጠ ተደርድሮ ቆሟል። አባ ወደ ቢሮ ደወሉ፤ መልእክት ተዉ። ሥራ አስኪያጁ እቤቱ ሆኖ ኢሜይሉን ከፍቶ ሰማው። ሰላምታ ነው። መልሶ ቢደውል ስልካቸው አይሠራም። «ሊጠይቁኝ ነው የደወሉት» ብሎ ተኛ።

ጠዋት ፍሬው እጅ ሲከቱበት ይፋጃል። የሆነው ሆኖ ጀንፈል ተብሎ ተሰጣ፤ በዚያ ዋጋ ሄደ። አባ ጅማ ተጠሩ።

«ለምን አልነገሩንም?»

«ነግሬያለሁ።»

«ሰላምታ ብቻ ነው የመጣው እኮ አባ።»

«ነግሬያለሁ አልኩህ። ናፍጣውን ነግሬያለሁ፣ ስንት ማዳበሪያ እንዳለም ነግሬያለሁ።»

ከደሞዛቸው ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ተነሳ። ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ እኔ ኮምፒውተሩን እንዳቀርብ ተጠርቼ እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ድምፁን ከፍቼ አሰማሁ። «አሰላሙ አለይኩም። አከም ጅርቱ? ነጋ ዳ? ፈያ ዳ?» ልጆቹን በየስማቸው ጠየቁ። ባለቤቱን ጠየቁ፤ ያን ሰሞን አሟት ስለነበር ምርቃት ጨመሩላት። ስለ ዝናቡ አወሩ። ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ አለና «እንግዲህ ልጄ፣ እዚህ እኛ ጋ...» ብለው ተቋረጠ። ታች ላይ የፋይሉ ርዝመት ተጽፏል፦ 60 ሰከንድ።

አባ ኔትወርክ የቆረጠውን መስመር ለምደዋል፤ ስልኩ ጆሯቸው ላይ ሲሞት አላወቁም። ከጎናቸው ሠራተኛው ይንጫጫል። ጉዳዩን ሁሉ በሥርዓቱ ለሞተ ስልክ ነግረው ጨርሰው ነው የዘጉት። ነግሬያለሁ ያሉት እውነታቸውን ነው።

ምን ልበላችሁ፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። ማንም አላወቀብኝም። «መስመሩ ተቋርጦ ነው» ቢባል ያልፍ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም እንደዚያ ሊል አፉን ከፍቷል። ግን የቀድሞ መልእክቶችን ዝርዝር አየሁት። 60፣ 60፣ 41፣ 60፣ 60። ከጣቢያ የመጡት በሙሉ ማለት ይቻላል ተቆርጠዋል። ሳምንታት ሙሉ ሰዎች ሰላምታቸውን ብቻ ነው የላክንላቸው፤ ጉዳያቸውን ቆርጠን ጥለናል። እኛ ቢሮ ውስጥ ደግሞ «እነዚህ ሰዎች ሰላም ለማለት ብቻ ይደውላሉ» እያልን ስንስቅ ነበር። እኔም ስቄአለሁ።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አስረዳሁ። ግማሹ አልገባቸውም፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ገብቶታል፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ቃለ ጉባኤው ተቀደደ። ከእኔ ደሞዝ ለሦስት ወር ትንሽ ትንሽ ተቆረጠ፤ ይገባኛል፣ አልተከራከርኩም።

አባ ሲወጡ ደጅ ላይ ይዤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ያ ዕቃ ሰላምታ አይወድም ማለት ነው?» አሉኝ። «እሱ አይደለም አባ፣ እኔ ነኝ ጊዜ ያሳነስኩበት። አሁን አምስት ደቂቃ አድርጌዋለሁ፤ እንደልብዎ ይናገሩ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

በሳምንቱ ማታ ከአባ ጣቢያ መልእክት ገባ። ከፈትኩት። «ቀበቶው ተበጥሷል፣ አሁን ሰው ላኩ» አሉ፤ ቁጣ በሚመስል ድምፅ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ጀመሩ። ፋይሉ 4 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነው። ሾፌሩን ቀስቅሼ ከላክሁ በኋላ እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ እኔንም በስሜ ጠይቀውኛል።