«ሄዳ ትሠራለች» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። ባለታሪኳ «ቲቸር ጻፈው፣ ስሜን ብቻ ተው» ስላለችኝ ዛሬ ልጨርሰው። በተለይ «ቲቸር የውጭ እስኮላርሺፕ እንዴት ነው?» እያላችሁ በኢንቦክስ ለምትጠይቁኝ ተማሪዎቼ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ እዚሁ ሐሙሲት ያስተማርኳት ልጅ አሜሪካ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ዕድል አገኘች። ትምህርቱ ነፃ፣ የምግብና የመኝታው ግማሽ ግን በራሷ። አዲስ አበባ የሚነግድ አጎቷ «እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ፈረመላት። አባቷ ሩዝ ገበሬ ናቸው። ልትሄድ ሰሞን እቤታቸው ጠርተውኝ ጠላ እየቀዱ «መምህር፣ ወንድሜ ባይችልስ?» አሉኝ።

«አያ፣ ምን ያሳስብዎታል? አሜሪካ እኮ ሥራ ሞልቷል። ከክፍል ስትወጣ ትሠራለች» አልኳቸው።

እሳቸውም አምነውኝ ለትኬቱ በሬያቸውን ሸጡ። እኔ እኮ ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ ሩቅ ሄድኩ ካልኩ አዲስ አበባ ነው። ስለ አሜሪካ የማውቀው ከፊልምና ከዘመድ ወሬ ነው። ግን በእርግጠኝነት ተናገርኩ። እኛ አገር ደግሞ መምህር ያለው ይታመናል።

ለካስ በተማሪ ቪዛ (ኤፍ-1 ይሉታል) የሄደ ሰው እንደፈለገ አይሠራም። ትምህርት ባለበት ጊዜ እዚያው ግቢው ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍትም ይሁን ካፌ፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ይፈቀድለታል። ከግቢ ውጭ ግን፣ በመጀመሪያው ዓመት በመደበኛው ሕግ ጭራሽ የለም። ይህን ያወቅኩት ልጅቷ ከሄደች ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ያወቅኩበትም መንገድ አያኮራም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ተባለ፤ ታስታውሳላችሁ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። አጎቷ የሚልከው ብር ያው ነው፣ እዚያ ሲደርስ ግን ግማሽ ሆነ። ግቢ ውስጥ ደግሞ ሥራ ተሞልቷል ብለዋታል። አንድ ማታ ደወለችልኝ። አንድ የአገር ልጅ «ሬስቶራንት ላስገባሽ፣ በካሽ ይከፍሉሻል፣ ማንም አያውቅም» ብሏታል።

ምን ልበላችሁ፣ «ሥሪ እንጂ፣ ምን ይደረጋል» አልኳት። እሷ ናት «ቲቸር፣ አልተፈቀደልኝም እኮ። ከተያዝኩ ቪዛዬ ይበላሻል፣ ትምህርቴም ያበቃል» ያለችኝ። ዝም አልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በሬው ነው ዓይኔ ላይ የመጣው።

ከዚያ በኋላ ኔት በተገኘ ቁጥር ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር አስደነገጠኝ፤ ለእሷ ዓይነት ችግር ሕጉ ራሱ መንገድ አለው። አንድ ዓመት የተማረ ተማሪ፣ ባላሰበውና በእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ከተቸገረ ከግቢ ውጭ ለመሥራት ማመልከት ይችላል። ከምክንያቶቹ አንዱ የምንዛሬ መዋዠቅ ነው! በስም ተጽፏል። የሚያሳድገው ሰው ገቢ ሳይታሰብ ሲቀንስም እንዲሁ። ማመልከቻው በዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ በኩል ለኢሚግሬሽን ይገባል፤ የሥራ ፈቃድ ካርዱ እጅ ሳይገባ ግን አንድ ቀን መሥራት የለም።

«ቢሮው ሄደሽ ጠይቂ» አልኳት። ፈራች። «ችግሬን ብነግራቸው ገንዘብ የላትም ብለው ቢመልሱኝስ?» አለች። ይህን ፍርሃት ከእናንተም ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ይመስለኛል፤ እኛ ቢሮ ስንባል የምናስበው የሚከለክለንን ሰው ነው። ሁለት ወር ፈርታ ቆየች። በሁለቱ ወር በቀን አንዴ ነበር የምትበላው፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

በመጨረሻ ስትገባ የቢሮዋ ሴትዮ ከእኔም ንባብ የተሻለ ነገር ነገረቻት። ከታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት በአገራችን ችግር ምክንያት ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ለብቻ ያወጣው ልዩ ፈቃድ አለ። ያ ፈቃድ ሲታደስ አገሩ ውስጥ ስለነበረች እሷንም ይመለከታታል። በእሱ የተፈቀደለት ከ20 ሰዓት በላይ ይሠራል፣ ከግቢም ይወጣል፣ የሚማረውን ኮርስም መቀነስ ይችላል። አመለከተች፣ ጠበቀች፣ ካርዱ መጣ። ያው ሬስቶራንት ሳይሆን አንድ ፋርማሲ በሕጋዊ ደመወዝ ቀጠራት።

ያ ልዩ ፈቃድ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ልክ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። ካርዷም አብሮ አለቀ፤ ከፋርማሲው ወጣች። ደግነቱ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቦታ ተገኘላት።

ከፊቷ ያለውን አሁን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሲፒቲ የሚባለው ከትምህርቷ ጋር የተያያዘ የተግባር ሥራ ነው፤ እሱን ቢሮው ራሱ አይ-20 በሚባለው ወረቀቷ ላይ ይፈቅድላታል። ሙሉ ሰዓት 12 ወር ከሠራችበት ግን በዚያው የትምህርት ደረጃ ኦፒቲን ታጣለች፤ ስለዚህ በቁጠባ ነው። ኦፒቲ ደግሞ ስትመረቅ በሙያዋ 12 ወር የምትሠራበት ነው፤ እንደ እሷ ሳይንስ ለሚማሩ፣ ቀጣሪያቸው ኢ-ቬሪፋይ በሚባለው ሥርዓት ከተመዘገበ፣ ሌላ 24 ወር ሊጨመር ይችላል። ለኦፒቲም ካርዱ መጠበቅ አለበት። ቀኑ ሲጀምር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት በድምሩ ከ90 ቀን በላይ ሥራ ፈቶ መቀመጥ አይቻልም። ሕጉ ስለሚቀያየር ግን እኔን አትመኑ፣ የየዩኒቨርሲቲያችሁን ቢሮ ጠይቁ። እኔን ማመን ምን እንደሚያመጣ አይታችኋል።

ባለፈው ሳምንት አባቷን ገበያ አገኘኋቸው።

«መምህር፣ ልጄ አሁን ትሠራለች አይደል?»

«አዎ አያ፣ ግቢዋ ውስጥ። በሳምንት 20 ሰዓት።»

አሰቡ አሰቡና «20 ብቻ? ምነው፣ ሰነፈች እንዴ?» አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ ጥላ ያለበት ቦታ አስቀመጥኳቸውና ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው። በዚያች ማታ ጠላ እየጠጣን ካልኳቸው ጀምሬ።