ሦስቱ የማር በሮች

ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል እንግሊዛዊ በ1971 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ አንዲት ትንሽ የወይን ጠጅ መደብር ገዛ። በ1976 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ፈረንሳውያን ቀማሾችን ጠርቶ፣ የጠርሙሶቹን ስም ሸፍኖ አስቀመሳቸው። ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው የካሊፎርኒያ ወይን በነጩም በቀዩም አንደኛ ወጣ። በቦታው የተገኘ ጋዜጠኛ አንድ ብቻ ነበር፤ የእሱ ጽሑፍ ግን ወሬውን ለዓለም አዳረሰው። ስፐሪየርም እስኪሞት ድረስ ስለ ወይን ጠጅ ከመጻፍ አልቦዘነም።

እኛስ? ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። የጅማና የከፋ ጫካ ማር አዲስ አበባ የሚገባው በሰበታ ነው። የወለጋው በቡራዩ፣ የጎጃሙ በሱሉልታ። ሦስቱም ከተሞች የማር በር ነበሩ፤ አንድም ነጋዴ በራቸው ላይ ቁጭ ብሎ እየቀመሰ አልጻፈም። የግራዋ ማር ይመርራል፣ የጌተም ማር ይነጣል፣ በመስከረም አደይ የቀሰመች ንብ የምትሰጠው ደግሞ ሌላ ነው። ከእያንዳንዳቸው የሚወጣው ጠጅ በጣዕምም በመልክም ይለያያል። ጠጅ ጣዮቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ጌሾው መቼ እንደሚወጣ፣ ደረቁ ከለስላሳው በስንት ቀን እንደሚለይ ያውቁ ነበር። በደብተር ግን ማን አሰፈረው? የማሩ አገር በብርሌው ላይ ተጽፎ አያውቅም፤ ሁሉም «ጠጅ» ተብሎ ብቻ ተሸጠ።

ስም የሌለውን ነገር ማበላሸት ቀላል ነው። ስኳር ገባበት፣ ቀለም ገባበት፤ የሚጠይቅም አልተገኘም። በ2012 እ.ኤ.አ. የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጆ ኩባንያ ሲሸጥ፣ እዚያው ሰፈር ያለው የጠጅ ጥበብ የሚጠይቀው ሰው እንኳ አልነበረውም። በቢራው ላይ አልቀናም፤ የኔ ንዴት ለቢራው ያ ሁሉ ገንዘብ ሲገኝ ለጠጁ አንዲት ብዕር መጥፋቷ ነው። ማር በማምረት ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነች አገር ናት ይህችው!

ስፐሪየር በ2021 እ.ኤ.አ. ሲሞት መጻሕፍቱ ቀሩ። የሰበታና የሱሉልታ እናቶች ግን የትኛው ማር በየትኛው ወር ቢጣል እንደሚያምር ማንም ሳይጠይቃቸው ይዘውት ሄዱ። በሕይወት ያሉትንስ ዛሬ ማን እየጠየቃቸው ነው?